ባዶ ወጥመድን የመዘገቡ ደብተሮች

የጥናቱ ፍሬ በመጽሐፍ ከታተመ የአንድ ተመራማሪን የመስክ ደብተር ማቆየት መደርደሪያ ማጣበብ ነው የሚሉ አሉ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር የነበሩት ጆሴፍ ግሪኔል በዮሰሚቲ ተራሮች ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1924 ከትሬሲ ስቶረር ጋር አሳትመዋል። መጽሐፉ ግን የተገኘውን ይተርካል እንጂ ያልተገኘውን በወጉ አይቆጥርም። የመስክ ደብተሮቻቸው በየትኛው ሰፈር ስንት ወጥመድ እንዳደረ፣ ምን እንደያዘ፣ ባዶውን ጭምር ሌሊት በሌሊት ይዘዋል፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ለከንቱ ድካም የተሰጠ ቀለም ነው። ከ2003 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ደብተሩን ይዘው እዚያው ስፍራ ወጥመድ ዘረጉ። በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከ28 የትናንሽ አጥቢ እንስሳት ዝርያዎች ግማሾቹ የመኖሪያቸው ወሰን በአማካይ 500 ሜትር ያህል ወደ ላይ ተለውጦ ተገኘ፤ ይህም ከአየሩ መሞቅ ጋር የሚጣጣም ነው ብለዋል።

የጥንቱ ሰው ተሳስቶ ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የእንስሳው ማንነት ካጠራጠረ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሙዚየም ውስጥ ባለው ቆዳና የራስ ቅል ላይም ታስሯል፤ አውጥቶ ማየት ነው። እንስሳው እያለ አምልጧቸው እንደሆነም፣ ዕድሉ ምን ያህል እንደነበር የሚሰላው እንስሳው ከተያዘባቸውና ከነዚያው ባዶ ሌሊቶች ነው።