ዕቃ ቤት ወይስ ንባብ ቤት? ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሠራር የቀረበ ሒስ

በአገራችን መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ቤት እንዳለው የታወቀ ነው። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የሚገኘው ዕቃ ቤት ነው፤ በዚያ ብራናው ከንዋየ ቅድሳቱ ጋራ ተቈልፎበት፥ ቍልፉም በአንድ ታማኝ ሰው እጅ ሆኖ ይጠበቃል። ሁለተኛው ንባብ ቤት ነው፤ በዚያ ደግሞ ሕፃናት ከየኔታ ፊት ተቀምጠው ፊደል ይቈጥራሉ፥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፥ ታላቁ ለታናሹ ያስጠናል፥ መንገደኛው ሳይቀር ንባባቸውን ከሩቅ ይሰማል። ዕቃ ቤቱ መጽሐፉን ይጠብቃል፤ ንባብ ቤቱ አንባቢውን ያፈራል። ሁለቱም አስፈላጊዎች ሲሆኑ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

በቀድሞው ዘመን ዕቃ ቤቱ ጥብቅ መሆኑ የሚያስነቅፍ አልነበረም። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፋቃል፥ ቀለም ይበጠበጣል፥ ጸሓፊውም ወራት ይደክማል። መጽሐፉን የሰረቀ ሰው የተወገዘ እንዲሆን በብራናው ላይ ይጻፍ የነበረውም ስለዚህ ነው። የማተሚያ መኪና ከገባና አንድ መጽሐፍ በሺህ በሚቈጠር ቅጂ መታተም ከጀመረ ወዲህ ግን የጥበቃው ምክንያት ቀንሷል። ምክንያቱ ሲቀንስ ልማዱ አብሮ አልቀነሰም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ልማድ ነው፤ ይኸውም የሕዝብ አብያተ መጻሕፍት ብዙዎቹ በስማቸው ንባብ ቤት ሲሆኑ በአሠራራቸው ዕቃ ቤት ሆነው የቀሩበትን ምክንያት ነው።

እስካሁን የተደረገውን ድካም ማቃለል አሳባችን አይደለም። ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ስንት ተመራማሪና ስንት ደራሲ በአዳራሹ ተቀምጦ እንደ ሠራ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ፥ ቀድሞ ባለሥልጣን ብቻ ይረግጠው የነበረው አዳራሽ ለተማሪና ለመጽሐፍ ተለቀቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ኪሎ፥ ከሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ፊት ለፊት፥ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመርቆ ተከፈተ። ሕግ ከሚወጣበት ቤት አጠገብ የንባብ ቤት መቆሙ ታላቅ ምሳሌነት ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ሕንጻ የሚመረቅበት ቀን የቤተ መጻሕፍት ሥራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ከምረቃው በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ በበሩ የሚገባው ማን ነው? የሚል ነው።

በየከተማው በሚገኙት የንባብ አዳራሾች ገብቶ የተመለከተ ሰው መልሱን በቀላሉ ያገኘዋል። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ የያዘውም ተማሪ ነው። ተማሪው የሚያነበው ከመደርደሪያው ያወረደውን መጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ ይዞት የመጣውን ደብተር ነው። መጽሐፉ በቦታው፥ አንባቢውም በቦታው ሆነው ሳይተዋወቁ ይውላሉ። በዚህ ተማሪውን መውቀስ አይገባም። ቤቱ ጠባብ፥ ቤተ ሰቡ ብዙ፥ መብራቱም የማያስተማምን ከሆነ፥ ጸጥ ያለ ወንበርና ብርሃን ፈልጎ መምጣቱ የሚያስመሰግነው ነው። የሚያሳዝነው ግን ሌላው ሕዝብ አለመምጣቱ ነው። ልጇን ያዘለች እናት፥ ሱቁን ዘግቶ የሚመለስ ነጋዴ፥ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ፥ ሙያ የሚለምድ ወጣት፥ ዓይኑ የማያይለት ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይታዩም። እነርሱ ያልመጡት ንባብ ስለሚጠሉ ነው ብሎ መደምደም ችኰላ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ እነርሱ አልታሰቡም።

ከበሩ እንጀምር። ወደ ንባብ አዳራሽ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ዘበኛና ፍተሻ ነው፤ ከዚያም መታወቂያ ያስረክባል፥ ቦርሳውን ያስቀምጣል። ለጥበቃ ሲባል ይህ ይደረግ ዘንድ ግድ ቢሆንም፥ ከዘበኛው ቀጥሎ እንግዳውን ምን ልርዳህ የሚለው ሰው ከሌለ፥ ቤቱ የመጣውን ሁሉ በሌባነት የሚጠረጥር ይመስላል። ቀጥሎ መደርደሪያው ነው። መጽሐፉ ከመስኮት በስተ ጀርባ ተቀምጦ በካርድ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ፥ ስሙን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ያገኘዋል፤ የሚፈልገውን ገና ያላወቀ አንባቢ ግን እጁን ዘርግቶ፥ ገልጦ፥ መልሶ ካላስቀመጠ በቀር ከመጽሐፍ ጋራ አይተዋወቅም። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። መሥሪያ ቤት ሲከፈት የሚከፈትና ሲዘጋ የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት ለሠራተኛው ሕዝብ ሁልጊዜ ዝግ ነው።

አራተኛውና ዋናው ነገር ዝምታው ነው። በአዳራሾቻችን ግድግዳ ላይ ከሁሉ በላይ ጐልቶ የሚታየው ጽሑፍ ጸጥታ ይጠበቅ የሚለው ነው። ነገር ግን በአገራችን ልማድ ንባብ የጆሮም ሥራ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ደብዳቤ የሚያነብ ለማያነበው ያነብለት ነበር፤ ጋዜጣውም እንደዚሁ ከአንድ አንባቢ ወደ ብዙ ሰሚ ይደርስ ነበር። ድምፅን ፈጽሞ ያገደ አዳራሽ ተማሪውን ሲጠቅም፥ ሕፃኑንና ማንበብ ያልተማረውን ጐልማሳ ከበሩ ይመልሳል።

ይህን ችግር ሌሎች አገሮች እንዴት እንዳቃለሉት መመልከት ይጠቅማል። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2018 ኦዲ የተባለው ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። እርሱም እንደ አብርሆት ከምክር ቤት ፊት ለፊት የቆመ ሲሆን፥ የአገሪቱ ነጻነት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ስፋቱ 17,250 ካሬ ሜትር ሆኖ ሳለ በውስጡ የተደረደሩት መጻሕፍት 100,000 ገደማ ብቻ ናቸው፤ የቀረው በከተማው ካሉት ቅርንጫፎች እየታዘዘ ይመጣል። የሕንጻው ብልኀት ድምፅን በደርብ በደርብ መከፋፈሉ ነው። ታችኛው ደርብ ሰው የሚገናኝበትና የሚነጋገርበት፥ ምግብና ቡናም የሚያገኝበት ነው። በመካከለኛው ደርብ የልብስ ስፌት መኪናዎች፥ የሙዚቃ መለማመጃ ክፍሎችና ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ መሣሪያዎች አሉ። መጻሕፍቱ በላይኛው ደርብ፥ ብርሃን በሚገባበት ሰፊ አዳራሽ ናቸው። የቤቱ አሳብ ከመታቀዱ በፊት ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ሕግ ደግሞ መጽሐፍ መዋስን ያለ ክፍያ አድርጎ፥ ቤቱ ለሕዝብ ውይይትም ቦታ እንዲሆን ያዝዛል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሕንጻ ውበት ብቻውን አንባቢ እንደማያመጣ፥ አንዳንድ ጊዜም ራሱ እንቅፋት እንደሚሆን የሚያስረዱ ምሳሌዎች አሉና። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት፥ መጻሕፍቱ ሳይቋረጡ በጠመዝማዛ መወጣጫ ከደርብ ወደ ደርብ እንዲደረደሩ መደረጉ ብዙ አድናቆት አትርፎለታል፤ ይሁን እንጂ ጐብኝዎች መንገድ ይጠፋባቸዋል የሚል ነቀፌታም አልቀረለትም። በኮሎምቢያ በሜዴሊን፥ በድኾች ሠፈር ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራው የእስፓኝ ቤተ መጻሕፍት ለሠፈሩ ክብርን ያመጣ ሥራ ነበር። ነገር ግን በአሠራሩ ጕድለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 ለጥገና ተዘግቶ የሠፈሩ ሰው ለዓመታት ያለ ቤቱ ቀርቷል። ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያምር ሕንጻና ለመጠቀም የሚመች ሕንጻ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከጎረቤታችን ከኬንያ የሚገኘው ነው። በናይሮቢ የሚገኘው የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት ለአውሮፓውያን ብቻ የተሠራ ነበር፤ በደጁ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ተቀምጠዋል፥ የአገሩ ሰው ግን ለብዙ ዓመታት በዚያ ደጅ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋንጂሩ ኮይናንጌና አንጄላ ዋቹካ የተባሉ ሁለት ኬንያውያን ሴቶች ቡክ በንክ የተባለ ማኅበር አቋቁመው፥ ከከተማው አስተዳደር ጋራ በመስማማት ይህን ቤትና በካሎሌኒ በማካዳራም ያሉትን ሁለት የሠፈር ቅርንጫፎች ለማደስ ተነሡ። በእኛ አስተያየት ከሥራቸው ሁሉ የሚመሰገነው፥ ከታወቀው ዋና ሕንጻ ይልቅ የሠፈሮቹን ትናንሽ ቤቶች አስቀድመው አድሰው መክፈታቸው ነው። በዚህም ሕዝቡ ወደ ቤተ መጻሕፍት እስኪመጣ ከመጠበቅ ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሕዝቡ መቅረብ እንዳለበት አሳይተዋል።

ይህ አሳብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነው ከኖሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ ሠፈር በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። ቈይቶም በአዋሳ በአህያ በሚጐተት ጋሪ መጻሕፍት ለሕፃናት እንዲደርሱ ተደርጓል። እብነ በረድና መስተዋት ባይኖረውም፥ ጋሪው የንባብ ቤትን ሥራ ሠርቷል።

አንዳንድ ሰዎች፦ ቤተ መጻሕፍት ቡና ቤት አይደለም፥ ጫጫታ ከገባበት ተማሪው ወዴት ይሂድ? ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ተማሪውን ማስወጣት አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ጸጥታው ያለ ልዩነት በሁሉም ክፍል ላይ ስለ ታዘዘ በማንኛውም ክፍል ሙሉ ሆኖ አይገኝም። ለንግግር የተለየ ቦታ ቢኖር ግን ለዝምታ የተለየው ቦታ በእውነት ዝም ይላል። ሌሎችም ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? ይላሉ። የምንጠይቀው ግን ከሁሉ በፊት አዲስ ሕንጻ አይደለም። ከመስኮቱ በስተ ጀርባ ያሉትን መደርደሪያዎች ወደ አዳራሹ ማውጣት፥ ከበሩ አጠገብ ያለውን ክፍል ለሕፃናትና ለእናቶች መለየት፥ በሳምንት አንድ ቀን ማታ መጽሐፍ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚነበብበትን ሰዓት መወሰን፥ የሥራውን ሰዓት ወደ ምሽትና ወደ እሑድ ማስፋት፥ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ ማዘጋጀት፥ ለዘበኛው ደግሞ እንግዳ መቀበልን ማስተማር ከታላቅ በጀት ይልቅ ቈራጥ አሳብ የሚሹ ናቸው።

ስለዚህ በየከተማው ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ወይም ለማደስ የሚያቅዱት ባለሥልጣኖች፥ የሕንጻውን ንድፍ ከማስነሣታቸው በፊት የሠፈሩን ሰው ቢጠይቁ መልካም ነው። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ለፈተና ጥናት ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ መርጠው እንዲያወርዱ ቢያዝዙ፥ ተማሪዎችም በበዓል ቀን ታናናሾቻቸውን አስከትለው ቢሄዱ፥ ወንበሩና መደርደሪያው መተዋወቃቸው አይቀርም። የአንድን ቤተ መጻሕፍት ሥራ የሚመረምር ሰውም ስንት መጻሕፍት አሉ? ብሎ ብቻ ከመዝገብ ላይ አያቁም፤ በዚህ ወር ስንቱ ከመደርደሪያ ወረደ? ያወረደውስ ማን ነው? ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ቤት ጠባብም ቢሆን ንባብ ቤት ነው፤ መልስ የሌለው ግን የቱንም ያህል ቢያምር ዕቃ ቤት ከመሆን አያልፍም።