ሃያ ብርና አንድ ወረቀት

በአንድ ጥናት ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የተሰጠው ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ ከ15 እስከ 30 ብር፣ መሃለኛው 20። የሚከፈለው መሃል አዲስ አበባ፣ ትልልቆቹ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች አጠገብ በተከፈተ ቢሮ ነበር። ወጣቱ ራሱ መምጣት ነበረበት። ከመጣ፣ ከሰፈሩ ደርሶ የሚመለስበትን የትራንስፖርት ሒሳብ በእጁ ይቀበል ነበር። ካልመጣ ምንም አልነበረም። በሳምንት ከሦስት ጊዜ በላይ አይከፈልም ነበር።

ይህን የጥናቱን ክፍል ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ገንዘቡን በባንክ መላክ በቀለለ ነበር። ቤት የደረሰ ብር ግን ዘይት ይሆናል፣ በርበሬ ይሆናል፤ ክፉ ነገር አይደለም፣ ግን ስለ መንገድ የሚነግረን ነገር አይኖርም። እዚህ ብሩ ከጉዞው ጋር ተሰፍቷል። ስፌቱ እንዳይተረተር የከፋዩ ቢሮ የት እንደሚሆን እንኳ ታስቦበታል።

ጥናቱ የግሩም አበበ፣ የስቴፋኖ ካርያ፣ የማርሴል ፋፍሻምፕስ፣ የፓውሎ ፋልኮ፣ የሳይመን ፍራንክሊንና የሳይመን ኩዊን ነው። የትራንስፖርት ድጎማውና አብሮት የተፈተሸው የሥራ ማመልከቻ ሥልጠና የተሰጡት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሲሆን፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2021 በ«ሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ» መጽሔት ታተመ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ወጣቱን ከሥራ የሚያስቀረው ርቀቱ ነው ወይስ አለመታወቁ? ለርቀቱ ሃያ ብሩ ተሰጠ። ላለመታወቁ ደግሞ ሥልጠናና የፈተና ውጤት የያዘ ወረቀት።

የተመረጡት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 የሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ፣ ቋሚ ሥራ የሌላቸውና ከመሃል ከተማ ቢያንስ 2.5 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ ናቸው። ማን ምን እንደሚያገኝ የወሰነው ዕጣ ነው። ከዕጣው በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሰፈሮቹ ሲመረጡ እርስ በርስ የማይዋሰኑ እንዲሆኑ ተደርጓል። ወሬ አጥር ይሻገራል። አንዱ ሰፈር ያገኘው ጎረቤቱን ከነካ፣ ምንም ያላገኘውን ወስዶ ማነጻጸር ከንቱ ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ስልክ ይደወል ነበር። ሥራ ፈለግህ? ማመልከቻ አስገባሽ? ያው ጥያቄ፣ ለወራት።

ወረቀቱ የተዘጋጀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ነው፤ ከሥልጠናው ጋር ሁለት ቀን ፈጅቷል። አንዱ ቀን ስለ ሲቪ፣ ስለ ማመልከቻና ስለ ቃለ መጠይቅ ነው። ሌላው ፈተና ነው፤ የሬቨን የቅርጽ ፈተና፣ ሒሳብ፣ አማርኛ፣ አራተኛው ደግሞ የሥራ ናሙና። በዚህ በአራተኛው ተፈታኙ ሥራውን ራሱን ይሠራል፤ ለምሳሌ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

አሁን ውጤቱ በወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሰፈረ እንይ። ከተፈታኞቹ እኩሌታ በታች ያሉት ሁሉ በአንድ እርከን ተጠቃለዋል። ከእኩሌታው በላይ ያሉት ግን በየአሥር በመቶው ተለይተዋል። ከጥናቱ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ቀጣሪው መለየት የሚፈልገው ከላይኞቹ መካከል ነው፤ እዚያ መስመሩ ጠበብ ጠበብ ብሎ ተሰምሯል። ከታች 48ኛና 7ኛ መቶኛ ላይ ያሉትን መለያየት ለቀጣሪው ብዙም አይጠቅመውም፤ ወጣቱን ግን ወረቀቱን ከኪሱ እንዳያወጣ ያደርገዋል። መስመሩን ያሰመረ ሰው ሁለቱንም እጆች አስቧል፣ ሰጪውንም ተቀባዩንም።

በመጀመሪያ ሁለቱም ሠሩ። ድጎማውም ሥልጠናውም መደበኛ ሥራ የማግኘትን ዕድል ከፍ አደረጉ፤ ሥልጠናው ማብቂያ የሌለው የሥራ ውል የማግኘትንም ጨመረ። ገቢ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ብዙ ጥናት እዚህ ላይ ይዘጋል። እነዚህ ሰዎች ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ወጣት ፈልገው ጠየቁት። የትራንስፖርቱ ድጎማ ያመጣው ለውጥ ጠፍቷል። ሥልጠናውን የወሰዱት ግን ገቢያቸው ካልወሰዱት በ20 በመቶ ገደማ በልጧል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ከመጀመሪያው ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጠባብ የነበረ ወጣቶች ናቸው። አራት ዓመት ባይጠበቅ ኖሮ ሁለቱ ተቀራራቢ ይመስሉ ነበር።

ይህን ጥናት እንደ ልብስ ለጎንደር መስፋት እንደ አዲስ መለካትን ይጠይቃል። ከአዘዞ ፒያሳ መመላለስን በዚያው መንገድ ማስላት ይቻላል፤ የባጃጅና የታክሲ ሒሳብ ነው። ከዳባትና ከወገራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት ግን ሰሌዳ አያነብም፤ የሚቀጠረው በጉልበቱ፣ በቃልና በድርድር ነው። ለእሱ ኮሜርስ የሰጠው ዓይነት ወረቀት ምን ላይ እንደሚጻፍ ገና መታሰብ አለበት። ያ የማይዋሰኑ ሰፈሮች ጥንቃቄም ደጋ ላይ አይበቃም። ሁለት ቀበሌ ባይዋሰኑም ሰዉ በአንድ ገበያ ይገናኛል፣ በአንድ ደብር ያስቀድሳል። ክፍተቱ ከድንበር ወደ ድንበር ሳይሆን ከገበያ ወደ ገበያ መለካት ይኖርበታል።