የሦስት ሚሊሜትር ሥራ

በጠበበ የልብ ደም ቧንቧ ውስጥ የሚቀመጠው ስቴንት ከመዘርጋቱ በፊት በዓይን ሲታይ ከሽቦ ብዙም አይለይም። በታጠፈች ፊኛ ላይ ተጨምቆ ሲቀመጥ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፊኛዋ ስትነፋ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ወጣ ገባ ያሉ ቀለበቶች በተርታ ተደርድረዋል። አንዱን ቀለበት ከሌላው የሚያገናኙት ጥቂት ቀጫጭን ድልድዮች ናቸው። ድልድዮቹ ሲያንሱ ስቴንቱ በጠመዝማዛ ቧንቧ ውስጥ በቀላሉ ይታጠፋል። ከልክ በላይ ሲያንሱ ደግሞ፣ ከተዘረጋ በኋላ ሌላ ካቴተር (በደም ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲነካው በርዝመቱ ይጨማደዳል። የሠሪው ችሎታ የሚለካው በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

በእንጅባራ ቀርከሃ ሰንጥቀው ሳጠራ የሚሠሩ ባለሙያዎችን እጅ ልብ ብሎ ላየ ሰው የመጀመሪያው ስቴንት አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1986 ዣክ ፑኤል በቱሉዝ፣ ኡልሪክ ሲግዋርት በሎዛን በሰው ልብ ቧንቧ ውስጥ ያኖሩት ስቴንት ከቀጫጭን የብረት ሽቦዎች የተጎነጎነ ነበር። እንደ ሳጠራው ሁሉ፣ አንድ ላይ የያዘው ሙጫ ወይም ብየዳ አልነበረም፤ ሽቦዎቹ አንዱ በሌላው ላይና ሥር መተላለፋቸው ነው። ስቴንቱ ጨምቆ ከያዘው ሽፋን ሲለቀቅ በራሱ ይከፈት ነበር።

የዛሬው አይጎነጎንም። ከኮባልትና ክሮሚየም ቅልቅል የተሠራ ስስ ቱቦ ተወስዶ የማይፈለገው በሌዘር ተቆርጦ ይወጣል። የተቃጠለው ዝቃጭ በአሲድ ይታጠባል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ይለሰልሳል፤ ሹል ጠርዝ አይቀርም። የቀረው የብረት ዘንግ ውፍረት ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በላዩ ላይ ጥቂት ማይክሮን የሆነ የፖሊመር ቅብ አለ፤ መድኃኒቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የዋለው ሲሮሊመስ የተገኘው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ካለችው የኢስተር ደሴት አፈር፣ አንድ ባክቴሪያ ከሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። የዛሬዎቹም በአብዛኛው እሱው ወይም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

መድኃኒቱ ለምን አስፈለገ? የቆሰለ ቧንቧ ሲድን ሥጋ ያበቅላል፤ ሲበዛ ቦታው መልሶ ይጠባል። አንድሬያስ ግሩንትዚግ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1977 በዙሪክ የመጀመሪያውን ታካሚ የልብ ቧንቧ በፊኛ ብቻ ከፈተ። የዚያ ሰው ቧንቧ ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይም ክፍት ነበር። ሁሉም ግን እንደ እሱ አልታደሉም፤ በፊኛ ብቻ ከተከፈቱት ሲሶ ያህሉ በወራት ውስጥ መልሰው ይጠቡ ነበር። ብረቱ ይህን ቀነሰ፤ መድኃኒት የተቀባው ደግሞ ከአሥር አንድ በታች አወረደው።

ብረቱ የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ደም ባዕድ ነገር ላይ ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የአውሮፓ ጥናት እነዚያ የተጎነጎኑት ስቴንቶች የገቡላቸውን 105 ታካሚዎች ተከታትሎ ነበር፤ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ስቴንቱ ተዘግቶ ተገኘ። ሐኪሞች ደም ማቅጠኛውን አከበዱት፤ ታካሚው በፈንታው ይደማ ጀመር። የሚላኖው አንቶኒዮ ኮሎምቦና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ወደ ሥራው መለሱት። አልትራሳውንድ በቧንቧው ውስጥ አስገብተው ሲያዩ፣ በራጅ ጥሩ የሚመስለው ስቴንት ከግድግዳው ጋር በደንብ አልገጠመም፤ ወይም በሚገባ አልተከፈተም። በከፍተኛ ግፊት ነፍተው አስጠጉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያሳትሙ፣ ከባዱን ደም ማቅጠኛ ሳይሰጡ በስቴንቱ ላይ ደም የረጋባቸው ታካሚዎች ከ2 በመቶ በታች ነበሩ። ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ቀን ይህ ነው፤ በሽታ ይመስል የነበረው ጉድለት የመግጠም ጉድለት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ መግቢያው ብዙ ጊዜ የእጅ አንጓ ነው። ካቴተሩ 2 ሚሊሜትር፣ መሪ ሽቦው 0.36 ሚሊሜትር ይወፍራል። ፊኛዋ ከ12 እስከ 16 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት ትነፋለች። በብሽሽት ሲገባ የሚያሰጋው መድማት በአንጓ ይቀንሳል፤ ቧንቧው ከቆዳው ሥር አጥንት ላይ ስላለ በጣት ተጭኖ ማቆም ይቻላል። ቧንቧውን በራጅ የሚያሳየው ፈሳሽ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በቁጠባ ይሰጣል።

በአገራችን ይህ ሥራ በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው። ከዳንግላም ሆነ ከእንጅባራ የሚነሳ ሰው ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲሆን ቧንቧው በ120 ደቂቃ ውስጥ በፊኛ መከፈት ካልቻለ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ ይቅደም ይላል የሕክምናው መመሪያ። ስለዚህ ለዳንግላና ለእንጅባራ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ቅርብ ያለ ሆስፒታል፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና መርፌው ነው፤ ስቴንቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስቴንቱ ከገባ በኋላም ሥራው አላለቀም። ባዶ ብረትን የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን በሳምንታት ውስጥ ያለብሰዋል። መድኃኒት የተቀባውን ግን ለማልበስ ወራት ይፈጅበታል፤ ሥጋ እንዳይበቅል የሚያግደው መድኃኒት ይህንንም ያዘገያልና። እስከዚያ ደም እንዳይረጋ የሚጠብቁት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ወይም አቻው ናቸው። በቀጠሮ ለተሠራለት ብዙ ጊዜ 6 ወር፣ ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ ለተሠራለት 12 ወር ሁለቱም አብረው ይወሰዳሉ፤ አስፕሪኑ ከዚያም ይቀጥላል። ስቴንት ላይ ደም የሚረጋው ጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ሲረጋ ግን ብዙ ጊዜ ይገድላል። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ክኒኑን ያለጊዜው ማቋረጥ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ክኒኑ ሲጠፋ፣ ወይም ጥርስ ለማስነቀል የሄደ ሰው «ይቁም» ሲባል ችግሩ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ጥርስ ክኒኑን ሳያቆሙ ይነቀላል፤ የሚደማውን ቦታ ጥርስ ሐኪሙ ተጭኖ ደሙን ያስቆማል።

ለታካሚው የሚሰጥ ትንሽ ካርድ አለ። የስቴንቱ ዓይነት፣ ዲያሜትሩና ርዝመቱ፣ የገባበት ቧንቧና ቀኑ ይጻፍበታል። ዳንግላ ያለ ጤና ባለሙያ ካርዱን ከያዘ ቀኑን ቆጥሮ ክኒኑ መቼ ሊቆም እንደሚችል ያውቃል፤ ከተጠራጠረም ስቴንቱን ያስገባውን ሐኪም በስልክ ይጠይቃል።