ቆራጩን በጉቶው

በጉራጌዋ ጉንችሬና በዙሪያዋ ባሕር ዛፍ የሚያስቆርጥ ሰው ሥራውን የሚመዝነው ዛፉ መሬት ሲደርስ ነው። ቤት ካልነካ፣ እንሰት ካልጨፈለቀ፣ የመብራት ሽቦ ካልበጠሰ ቆራጩ «ጎበዝ» ይባልና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ መመዘኛ ግን ሙያን ከዕድል አይለይም። የዘመመ ዛፍማ ወደ ዘመመበት ለመውደቅ ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ጀማሪም ሊጥለው ይችላል። ሙያ ያለው ሰው የሚታወቀው ዛፉ ከወደቀ በኋላ በሚቀረው ጉቶ ነው።

በዚህ አገር የዘመመ ዛፍ ለምን እንደሚበዛ ማወቅ ለዳኝነቱ ይረዳል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ፣ በጉራጌ አብዛኛውን ጊዜ ከእንሰቱ ጓሮ ወዲያ ተጠጋግቶ ይተከላል። ከዳር ያለው ዛፍ ብርሃን ፍለጋ ወደ ጀፎረው፣ ማለትም ወደ ሰፊው የመንደር መንገድ፣ ወይም ወደ እንሰቱ ያጋድላል። ደግሞም ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከአንድ ጉቶ የወጡ ሦስትና አራት ግንዶች እርስ በርስ እየተገፋፉ ከሥራቸው ጎበጥ ብለው ወደ ውጭ ይዘማሉ። ስለዚህ እዚህ ቀጥ ያለ ዛፍ ብቻ መጣል የሚችል ሰው ሙያውን ገና አልጨረሰም።

የሞተር መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ሰውየው ወዴት እንደሚያይ ይመልከቱ። ደካማው ግንዱን ያያል፤ ዐዋቂው ቀና ብሎ ጫፉን ያያል፤ ክብደቱን የሚወስነው ቅርንጫፉ የበዛበት ወገን ነውና። ዛፉን ዞሮ ያየዋል፣ ነፋሱን ይለካል፣ ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ በሰያፍ ወደ ኋላ የሚሸሽበትን መንገድ ከቁጥቋጦ ያጸዳል። ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ ሰው አያስቆምም፤ ጀፎረ ዳር ከሆነ ከብትና ልጆች የሚመልስ ሰው በግራና በቀኝ ያቆማል። ከዚያ ሰጋቱራውን ይዩ። የተሳለ ሰንሰለት ሸካራ፣ ቅርፊት የመሰለ ሰጋቱራ ይተፋል፤ እንደ ዱቄት የላመ ከወጣ ሰንሰለቱ ደንዟል፣ ሰውየውም የሚቆርጠው በጉልበቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በጣም ወደ ፊት፣ ወደሚጣልበት በኩል፣ የዘመመው ነው፤ ቀላል የሚመስለውም እሱው ነው። ባሕር ዛፍ በእንጨቱ ውስጥ ብርቱ ውጥረት ይዞ ያድጋል። ከኋላ ዝም ብሎ የሚቆርጥ ሰው ግማሽ ሳይደርስ ክብደቱ ግንዱን ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ ግንዱ ከመሐል ወደ ላይ ይሰነጠቅና የተሰነጠቀው ወገን ወደ ቆራጩ ይወረወራል። ሰው የሚገድለው ይህ ነው። ቢተርፍም ለጣውላ የታሰበው ግንድ ማገዶ ይሆናል።

ባለሙያው ግን እንዲህ ያደርጋል። ግንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር፣ በሚወድቅበት በኩል ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚገባ አፍ ይከፍታል፤ ከዚያ ቢያጠልቀው ዘመማው መጋዙን ይነክሰዋል። ቀጥሎ ከአፉ ኋላ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል እንጨት ይተዋል። ይህ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን ይዞ አቅጣጫውን ይመራል። ከማጠፊያው ኋላ የመጋዙን ጫፍ ከጎን ወግቶ ያስገባል፤ ሲወጋ በጫፉ የታችኛው ጥግ ይጀምራል፣ የላይኛው ጥግ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ፊቱ ይመለሳልና። ከውስጥ ወደ ኋላ እየቆረጠ ሄዶ ከበስተጀርባ ጥቂት እንጨት ማቆያ ይተዋል። ዛፉ እንደቆመ፣ መቆረጥ ያለበት ሁሉ ተቆርጦ አልቋል። ያን ጊዜ ዙሪያውን ያያል፤ ከጎን ሆኖ ማቆያውን ይበጥስና ይሸሻል።

የዚህ ሥራ ጉቶ ሲታይ ከፊት ንጹሕ ተዳፋት፣ ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ የተነቀለ ጭረት፣ ከዚያ ለስላሳ ሜዳ፣ ከመጨረሻ የተበጠሰች ትንሽ እንጨት አለው። ጭረቱ ፈጽሞ ከሌለ ማጠፊያው ተቆርጧል፤ ዛፉ የወደቀው በራሱ ፈቃድ ነው። ከጉቶው ላይ ረዥም ስንጥር ቆሞ ከታየ ደግሞ ሰውየው ከሞት ጋር ተላልፏል።

ወደ ጎን የዘመመ ዛፍ ጉቶ ሌላ ነው። ማጠፊያው በዘመመበት በኩል ቀጠን፣ በተቃራኒው ወፈር ይላል፤ ወፍራሙ ወገን ዛፉን ስቦ ይይዛል። በዘመመው በኩል ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ የገባበት ምልክት ይኖራል። ወደ ኋላ የዘመመ ከሆነ ሽብልቁ ቀድሞ ይገባል፣ ከፍ ብሎ የታሰረ ገመድም ይሳባል፤ ሳቢዎቹም ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቀው ይቆማሉ። ዘመማው ሲበዛ ግን ማጠፊያም ሽብልቅም አይበቃም። ያኔ «ወደፈለጋችሁት እጥለዋለሁ» የሚለውን አይመኑ። «ወደዚያው ይሂድ፤ ከሥሩ ያለውን እንሰት አስቀድማችሁ አንሡ» የሚለው ይሻላል። ለጋ እንሰት እየተነቀለ መተከል ልማዱ ነው፤ ለመድረስ ዓመታት የፈጀውን ትልቁን እንሰት ግን ማንም አይመልሰውም። ሥራውን እምቢ ማለትም የሙያ ምልክት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጥሩ ቆራጭ ዛፉን በሚመቸው ከፍታ ከጣለ በኋላ ጉቶውን ዝቅ አድርጎ ያስተካክላል፤ እንዲያቆጠቁጥ ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢቀር ይበቃል። ሲስተካከል ግን ምስክሩም አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ጉቶውን ከማስተካከሉ በፊት ይዩት፤ ካመለጠዎት የግንዱን ቁርጥ ፊት ይመርምሩ፣ ስንጥቁ እዚያም አለ። ከተስተካከለ በኋላ የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዝናብ እንዳይቋጥር ገጹ ሰያፍ መሆኑና ልጡ ከእንጨቱ አለመላቀቁ። ቡቃያው የሚወጣው ከልጡ ሥር ነው፤ የተላጠ ጉቶ ደካማ ቡቃያ ያወጣል፣ ደካማውም ነገ ዘሞ ያድጋል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ሥራው ሁለት ጊዜ ይዳኛል፦ መጀመሪያ ዛፉ በወደቀ ዕለት፣ ቀጥሎ ጉቶው ካቆጠቆጠ በኋላ። ስለዚህ ቆራጭ ሲመርጡ ስንት ዛፍ እንደጣለ አይጠይቁ። አምና የቆረጠበትን ቦታ ጠይቀው ሄደው ይዩ፤ ቡቃያው ዙሪያውን በርትቶ ከወጣ ዋጋው ከሌላው ቢበልጥም ይክፈሉት።