ጋፋት በቴዎድሮስ ጥላ ሥር

በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና የሚያልፍ ሁሉ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖል ምስል ያውቀዋል። ግርማ ያለው ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። ዳሩ ግን የሚያሳየን ያለቀለትን መድፍ ብቻ ነው። ምድጃው፣ ወናፉ፣ ጭስ ያጠቆረው ፊት የት ሄደ? ከደብረ ታቦር ከተማ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት የሚገኘው የጋፋት ኮረብታ፣ ማለትም የመድፉ የትውልድ ስፍራ፣ በዚህ ምስል ውስጥ የለም።

ጉድለቱ የሐውልቱ ብቻ አይደለም። ስለ ንጉሡ የተጻፉትን የታወቁ የአማርኛ ሥራዎች ርእሶቻቸውን እንመልከት፤ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»፣ እንደገና ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ»። ርእሶቹ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ያርፋሉ። ደራስያኑ አንድ ትውልድ ንጉሡን በአዲስ ዓይን እንዲያይ አድርገዋል፤ ተውኔት ለምንጽፍ ሁሉ ዕዳቸው አለብን። ሆኖም ስበቱ ይህን ያህል ወደ አንድ ሰው ሲያዘነብል፣ ጋፋት የንጉሡ ሕልም ምስክር ትሆናለች እንጂ በራሷ ባለታሪክ መሆን ይቸግራታል።

ለመሆኑ ለተውኔት የሚሆን ነገር ጠፍቶባት ነውን? በ1850ዎቹ ባዜል አጠገብ ከሚገኘው የክሪሾና ሚሲዮን የመጡት እነ ዋልድማየር ሐሳባቸው ወንጌል ማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን ከእጃቸው የፈለጉት መድፍ ነበር። የሰላምን ቃል ሊዘራ የመጣ ሰው የጦር መሣሪያ ሲያፈስ ከገዛ ኅሊናው ጋር የሚገጥመው ሙግት ብቻውን አንድ ገቢር ይወጣዋል። በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ተፈጠረ።

ከዚህ የሚጠልቅ ሌላ ግጭት አለ። አገሬው ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ፣ በሠራው ማረሻ እያረሰ ግን ከማዕዱ የሚያርቀው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህንኑ የተናቀ ሙያ የመንግሥታቸው ተስፋ አደረጉት። ወናፍ የሚነፋውን ወጣት እናቱ ማታ ምን ብላ ተቀበለችው? ጎረቤትስ? በእኔ አስተያየት የጋፋት ድራማ ከዙፋኑ ይልቅ በዚህ ደጃፍ ላይ ነው።

ጉዞውም ከሩቅና ከቅርብ ሲታይ አንድ አይደለም። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. መድፉ ወደ መቅደላ ጉዞ ሲጀምር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነበር የወጡት። በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ ይዞ እየጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ገደል እየተናደ መጋቢት ላይ ተደረሰ። ከአዲስ አበባ መድረክ ሆኖ ለሚመለከተው ይህ የጀግና ጽናት ነው። ቤቱ ለነደደበት የደብረ ታቦር ሰው ግን ስሙ ሌላ ነው። ሁለቱንም እውነት ባንድ መድረክ የሚሸከም ተውኔት ያስፈልገናል።

የምንጭ ነገርም አለ። የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል መድፉ ከመፍሰሱ በፊት ይቆማል። ስለ ጋፋት በስፋት የሚያወሩልን ባዕዳን ናቸው፤ ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን በ1886 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳትሟል፤ ራሳምና ብላንክም ከእስር እንደ ወጡ ጽፈዋል። በእነዚህ ገጾች ነጩ ባለሙያ በስሙ ሲጠራ፣ አገሬው ሠራተኛ በአብዛኛው ስም የለሽ ብዙኃን ነው። የደብረ ታቦር ልጅ የአያቶቹን ቀዬ ታሪክ በእንግዳ አፍ መስማቱ ያስቆጫል። ይሁንና የባለ ቅኔና የተውኔት ጻፊ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ያለ ሰነድ አይናገርም፣ ደራሲ ግን ስም የለሹን ሰው ድምፅ ሊሰጠው ይችላል።

እንግሊዞች ከመቅደላ ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሲወስዱ ሴባስቶፖልን ትተውታል። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው። ለአዲስ ተውኔት መነሻ የሚሻ ደራሲ ግን ወደ መቅደላ ከመውጣቱ በፊት ጉናን በቀኙም በግራውም አድርጎ ወደ ጋፋት ይሂድ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጥ፤ የመጀመሪያውን ትዕይንትም ንጉሡ ገና ሳይመጡ፣ ወናፍ ነፊዎቹ እሳት ሲያያይዙ ይክፈተው።