አቼቶና የሻወሩ መስታወት

ድሬዳዋ ውሃው ከኖራ ድንጋይ መሬት ስለሚወጣ ካልሲየም ሞልቶታል። ማንቆርቆሪያው ውስጡን ነጭ ቅርፊት ያበቅላል፤ የሻወሩ መስታወት ደግሞ የዓይን ሞራ እንደጋረደው ይደበዝዛል። በሳሙና ብትፈትጉት ወይ ፍንክች! እንዲያውም ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ሌላ ሽፋን ይደርብበታል።

መላው ሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ ነው። ያለው አሲድ 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ ለኖራ ግን ይበቃዋል። ለብ አድርጌ ጨርቅ እነክርበትና መስታወቱ ላይ እለጥፈዋለሁ። አንድ ስኒ ቡና ጠጥቼ ስመለስ በጨርቁ ጠርዝ ጥቃቅን አረፋ ይታያል፤ ኖራው እየሟሟ ጋዝ ሲተነፍስ ነው። በስፖንጅ ሳብ፣ በውሃ ለቅለቅ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ወልወል ሳደርገው ማዶ የተሰቀለው ፎጣ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል።

ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሉበት የሚሉ አሉ፤ አረፋው ያምራል እንጂ ሁለቱ ተዳክመው ያርፉታል። በረኪና ግን በፍጹም አይጠጋው፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የአቼቶው ሽታስ? መስኮት ከፍቶ መታገስ ነው። ሎሚ በረከሰ ሰሞን ግን አቼቶውን ትቼ ጭማቂው የወጣለትን ልጣጭ መስታወቱ ላይ አሸዋለሁ፤ በማግስቱ ገላዬን ስታጠብ እሱ እሱ ይሸተኛል።