ምች፣ ችፌ እና የቆዳ ግንብ

ችፌ ባለበት ሕፃን ላይ ሄርፒስ ሲሰራጭ ቁስሎቹ ወጥ ናቸው። ስፋታቸው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ቅርጻቸው ክብ፣ ጠርዛቸው ቁርጥ ያለ፣ መሀላቸው ጎድጎድ ያለ ነው። የባክቴሪያ ቁስል እንዲህ አይመሳሰልም፤ አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል፣ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል። የመማሪያ መጻሕፍት ምስሎች ቅላት ያሳያሉ። በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ስለሚደበቅ፣ እኔ የማምነው የቁስሉን ቅርጽና የጣቴን ጫፍ ነው። ሕፃኑ ትኩሳት አለው፣ ጡት አይዝም፣ አንገቱ ሥር ንፍፊት አብጧል። ሞሪትዝ ካፖሲ ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1887 የገለጸው ይህንኑ በሽታ ነበር፤ ዛሬ ኤክዜማ ሄርፔቲኩም እንለዋለን።

ሕፃኑን ከመመርመሬ በፊት ግን ያቀፈችውን እናት ከንፈር አያለሁ፤ ቤት ውስጥ ሰሞኑን ምች የመታው ሰው እንዳለም እጠይቃለሁ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1 ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ይቀባበታል፣ በጥቂት ቀን ይደርቃል፣ ይረሳል። ያው ቫይረስ ችፌ ያለበትን ሕፃን ሲያገኝ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ክንዱን ያዳርሳል። ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌኑን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ሽፋሽፍቱ አጠገብ ቁስል ካየሁ የዓይን ሐኪም በዚያው ቀን እንዲያየው አደርጋለሁ።

ለማረጋገጥ የምወደው ዘዴ አሮጌ ነው፤ አርኖ ዛንክ የተባለ የፓሪስ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1947 ያስተዋወቀው። ከቁስሎቹ መካከል ገና ያልፈረጠ፣ ውሃ የቋጠረ አንድ እመርጣለሁ። ሽፋኑን በምላጭ ጫፍ እከፍታለሁ፣ ውሃውን በጎዝ አደርቃለሁ፣ ከዚያ ምላጩን ገልብጬ በጀርባው የቁስሉን ወለል ደም እንዳይመጣ ቀስ ብዬ እፍቃለሁ። የተፋቀውን ስላይድ ላይ ስስ አድርጌ እቀባና እንዲደርቅ እተወዋለሁ። ቀለሙ ጊምሳ ነው፤ ወባ የሚመረመርበት ያው ጊምሳ ስለሆነ የማያገኘው ላቦራቶሪ ጥቂት ነው። ጤነኛ የቆዳ ሴል ማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ኒውክለስ ብቻ ያሳያል። እዚህ ግን ግዙፍ ሴል ይታያል፤ በውስጡ ብዙ ኒውክለሶች ተጨናንቀው፣ አንዱ በሌላው ቅርጽ ልክ ተጎድጉደው። ምርመራው ሄርፒስን ከጉድፍ አይለይም፣ ባዶ ሆኖ ቢመጣም በሽታው የለም አያሰኝም። ስለዚህ አሲክሎቪር የተባለውን የሄርፒስ መድኃኒት ለመጀመር ውጤቱን አልጠብቅም። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ 1,331 ሕፃናትን መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ መድኃኒቱ በዘገየ ቁጥር የሆስፒታል ቆይታው እንደሚረዝም አሳይቷል።

አንዱን ከንፈሩ ላይ ብቻ ነክቶ የሚያልፍ ቫይረስ ሌላውን እንዲህ የሚያጥለቀልቀው ለምንድን ነው? የቆዳችን የላይኛው ክፍል ከ15 እስከ 20 የሚሆን የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው። የቆዳ ተመራማሪው ፒተር ኤሊያስ ሴሎቹን በጡብ፣ በመካከላቸው ያለውን ስብ በሲሚንቶ መስሎታል፤ እኔም ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በዚያው ነው። የዚህ ግንብ ውፍረት በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃምሳኛ ገደማ ነው። ቫይረስ ግን ሕያው ሴል ውስጥ ካልገባ አይራባም፤ ሄርፒስ የሚይዘው ኔክቲን-1 የተባለ ፕሮቲንም የሚገኘው ከግንቡ ሥር ባሉት ሕያዋን ሴሎች ላይ ነው። የሞተው ድርድር እስካልፈረሰ ድረስ ቫይረሱ መግቢያ የለውም።

ታዲያ ሕፃኑ ሲያክ ቆዳውን ስለሚቧጭረው ነው ብሎ መደምደም ይቀናል። እኔ ይህ መልስ አይበቃም እላለሁ። ጀርመን ውስጥ የኮሎኝ ተመራማሪዎች ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደ ቆዳ በላቦራቶሪ አቁስለው ሄርፒስ ሲያደርጉበት፣ ጭረቱ ብቻውን ለቫይረሱ በቂ በር አልሆነም። ችፌ ካለባቸው ሰዎች በተወሰደ ቆዳ ላይ ግን ቫይረሱ ከላይ ወደ ሕያዋኑ ሴሎች መዝለቅ ችሏል። ሶሪያሲስንም ተመልከቱ፤ እሱም ቆዳን ይሰነጣጥቃል፣ ያፈርሳል፣ ሄርፒስ ግን እንዲህ አይሰራጭበትም። ዴንቨር ያለው የዶናልድ ሊዩንግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 አንዱን ምክንያት አሳየ፤ በሶሪያሲስ ቆዳ ውስጥ ኤልኤል-37 የተባለ ጀርም ገዳይ ፔፕታይድ ይትረፈረፋል፣ በችፌ ቆዳ ውስጥ ያንሳል። ይህ ፔፕታይድ ሄርፒስንም ይገድላል። ምርቱን የሚያፍኑት ችፌ ውስጥ የሚበዙት ኢንተርሉኪን-4 እና ኢንተርሉኪን-13 የተባሉት የመከላከል ሥርዓቱ መልእክተኞች ናቸው፤ እነዚሁ መልእክተኞች ግንቡን የሚያጠነክረውን ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲንም ይቀንሳሉ። የተጎዳው ቆዳ ደግሞ በተራው ተጨማሪ መልእክተኞች ይጠራል።

ስለዚህ ግንቡን በአንድ ምዕራፍ፣ የመከላከል አቅሙን በሌላ ምዕራፍ ማስተማር ለፈተና ይመቻል እንጂ አልጋ አጠገብ ያለውን ሐኪም ያሳስታል። ለዚህ ከሁሉ የሚያሳምነኝ ዱፒሉማብ ነው። መድኃኒቱ የሁለቱን ኢንተርሉኪኖች መልእክት ያግዳል። የመከላከል ሥርዓትን ክፍል የሚያፍን መርፌ ሄርፒስን ያባብሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ በሙከራዎቹ ግን ኤክዜማ ሄርፔቲኩም ጭራሽ ቀነሰ። ዋጋው ከእኔ ታካሚዎች አቅም በላይ መሆኑ ያንገበግበኛል።

እኛ እጅ ላይ ያለው ቫዝሊን ነው፣ እሱንም አቅልዬ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኒው ዮርክ ጥናት፣ ቫዝሊን ተቀብቶ የተሸፈነ ቆዳ ጀርም ገዳይ ፔፕታይዶችንና ፊላግሪንን እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው። ቅርፊቱ መድረቅ ሲጀምር ሕፃኑ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን ይቀባል። የልብስ ሳሙና ከገላው ይራቅ እላለሁ፤ የቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ሲሆን የልብስ ሳሙና አልካላይን ስለሆነ ሲሚንቶውን ያበላሸዋል። በሌላ በኩል ግን ለጤነኛ አራስ ሁሉ ቫዝሊን አላዝም። እንግሊዝ ውስጥ 1,394 አራሶችን ያሳተፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመው ሙከራ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ መቀባት ችፌን እንደማይከላከል አሳይቷል። የስቴሮይድ ቅባትንም ሄርፒስ አለ ተብሎ ለሳምንታት መከልከል ልክ አይመስለኝም። አሲክሎቪሩ ከተጀመረ በኋላ በሐኪም ክትትል ሥር ችፌውን ማብረድ የሕክምናው ግማሽ ነው። ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ጠንካራ ስቴሮይድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቆዳውን ያሳሳዋል።

አያቶች ነገሩን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። «ዶክተር፣ እኔ ስሜው ነው እንዴ?» ይሉኛል። «እማማ፣ ይሄ ቫይረስ ከሦስት ሰው በሁለቱ ላይ አለ» እላቸዋለሁ። «ሕፃኑን ያጠቃው ቆዳው ስለተከፈተ ነው። ምች ሲመታዎት አይሳሙት፣ እጅዎን ታጥበው ይያዙት። በሌላው ቀን ይሳሙት።» ይህን ሳልናገር በሽተኛ ከክፍሌ አላስወጣም፤ አያት ከልጅ ልጇ በጥፋተኝነት ስሜት ከራቀች ጉዳቱ ከቁስሉ ይብሳል።

የሚያብከነክነኝ ጥያቄ እዚሁ አገር ያለ ነው። የስኮትላንድ ዳንዲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የፊላግሪን ዘረመል ጉድለት ዋና የችፌ መንስኤ መሆኑን ሲያሳዩ የአውሮፓ ሕሙማን ጉዳይ ብዙው የተፈታ መስሎ ነበር። ይህንኑ ጉድለት በኢትዮጵያውያን ሕሙማን የፈለገው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ግን አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ አግኝቶ ሌላ አላየም። የእኛ ልጆች ግንብ የሚፈርሰው በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው። ከቆዳ የሚተን ውሃ በግራም በካሬ ሜትር በሰዓት ይለካል፤ ልኬቱ ከክፍሉ እርጥበት ጋር ይለዋወጣል፣ የአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ደረቅ ነው። የምፈልገው እነዚያኑ ልጆች በክረምትም በበጋም ለክቶ፣ የቆዳቸውን የላይኛ ድርድር በሚጣበቅ ፕላስተር አንስቶ፣ ሴራማይድ የተባለውን ስብና ኤልኤል-37ቱን ማየት ነው፤ ሄርፒስ የሚደጋግማቸውን ልጆች ከማይነካቸው የሚለየው ስቡ ይሁን ፔፕታይዱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።